ማሽኑ አልጨምቅ ቢል ልጅቷ ተጨመቀች!

ወደዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። «ትወደኛለች ወይ?»፣ «ቤተሰቦቹ አልፈለጉኝም…» የሚሉ። የዛሬው ግን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጉዳይ ነው። «እንዴ! ይሄ ደግሞ ምክር የሚያስፈልገው ነገር ነው?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። በአንድ ሳፋ እርጥብ ልብስ ምክንያት አንዲት ልጅ እንጀራዋን ልታጣ፣ ባልና ሚስት ሊኳረፉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሊቀያየም ምን ያህል እንደቀረ አንብባችሁ ፍረዱ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አላወጣነውም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥረነዋል።

«ዕድሜዬ 27 ነው። ከተጋባን 3 ዓመት ሆኖናል፤ የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጅ አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ልጃችንን የምትይዘውና ቤቱን የምታስተዳድረው አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ናት። ማታ ማታ ትማራለች።

ማሽኑን የገዛችልኝ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ‹እኔ የሰው ልብስ ሳጥብ እጄ አለቀ፣ አንቺ እንኳን እረፊ› ብላ በላከችው ብር የተገዛ ስለሆነ እንደ ዕቃ አላየውም። ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ ነው። ሁለት ዓመት ያለ ምንም ችግር ሠራ። ከአንድ ወር ወዲህ ግን ልብሱ ሲወጣ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። በረንዳ ላይ ስናሰጣው ደግሞ ከሥራችን ያሉት እማማ በርበሬያቸውን አስጥተው ኖሯል፤ ውኃው ወርዶ አበሰበሰባቸው። ‹ልጄ፣ በርበሬዬን ወጥ አደረግሽው እኮ!› ብለው ሳቁ። በማግስቱ ግን ሰላምታቸው ቀዘቀዘብኝ።

ባለቤቴ ‹ልጅቷ ናት! ለትምህርት ስለምትቸኩል ማሽኑ ሳይጨርስ እያቋረጠች ታወጣዋለች› አለኝ። እኔም አመንኩት። ስጠይቃት ‹እትዬ፣ እመቤቴን አልነካሁትም! ራሱ ነው ጨርሻለሁ ብሎ የሚቆመው። ድሮ መጨረሻ ላይ እንደ አውሮፕላን ይጮህ አልነበር? አሁን እሱን ትቷል። በሩን ስከፍትም ውኃ ይደፋብኛል› አለችኝ። ሰበብ መስሎኝ ጮህኩባት። አንድ ጠጋኝ ብንጠራ ደግሞ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይፈታ ‹ሞተሩ ተቃጥሏል› ብሎ የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ጠየቀን። ባለቤቴ ‹ከደመወዟ ይቆረጣል› ሲል ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ዝም ብላ ልብሷን ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመረች። እስከ ወር መጨረሻ እንድትቆይ ለምኜ ነው ያስቀረኋት። ልጄ ያለ እሷ አይተኛም። ምን ላድርግ? ማሽኑን ልቀይር ወይስ ሠራተኛዬን?»

እህታችን፣ መልሳችን አጭር ነው፦ ሁለቱንም አትቀይሪ! ከማሽኑ ጋር መጨቃጨቅ ስለማይቻል ጭቅጭቁ ወደ ልጅቷ ዞረ እንጂ ጥፋቷ ገና አልተረጋገጠም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

እኛ የማሽን ሊቆች ስላልሆንን ደብዳቤሽን ይዘን እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ሲጠግኑ ለኖሩ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ አነበብንላቸው። «እንደ አውሮፕላን ይጮህ አልነበር?» የሚለው ጋ ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። «ልጅቷ እኮ በሽታውን ተናግራዋለች! ምን ቀረ?» አሉን። ለምን እንዲህ እንዳሉ እንንገራችሁ።

ማሽን እንደ እጅ አይጠመዝዝም። ልብሱ የገባበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከበሮ በኃይል ይሽከረከራል። ልብሱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ውኃው በቀዳዳዎቹ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከዚያ ከሥር ያለችው ትንሽ ፖምፓ ውኃውን በቱቦ ታስወጣዋለች። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጩኸት ይሄው ነው። በደቂቃ 800፣ 1000፣ 1200፣ አንዳንዱም 1400 ዙር ይሄዳል። አሁን ልብ በሉ! ውኃው ካልወጣ ማሽኑ በኃይል መሽከርከር አይጀምርም። ውኃ ተሸክሞ ቢሮጥ ራሱን ስለሚጎዳ መጭመቁን ይተወዋል፤ ወይ በስህተት ምልክት ይቆማል፣ ወይ እንዲሁ «ጨረስኩ» ይላል። ስለዚህ «አይጨምቅም» የተባለ ማሽን ብዙ ጊዜ በሽታው መጭመቅ ሳይሆን ማፍሰስ ነው።

ልጅቷ አቋርጣው ቢሆንስ? እንዲህ ያለው ማሽን በሥራ ላይ እያለ በሩ ይቆለፋል። ከጨረሰ በኋላም አንድ ሁለት ደቂቃ አስጠብቆ ነው «ቀጭ» ብሎ የሚለቅ። ሆን ብሎ ማቋረጥ አይቻልም አንልም። ግን ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እሷ በሌለችበት እሁድ ራስሽ እጠቢበት። ልብሱ አሁንም እየተንጠባጠበ ከወጣ ነጻ ናት። ሰውን ከመክሰስ በፊት ይቺን ታህል ሙከራ ማድረግ ከባድ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ። ማሽኑ ሲቆም ከበሮው ሥር ውኃ አለ ወይስ የለም? ውኃ ካለ ወይም በሩ ሲከፈት ከፈሰሰ ችግሩ ማፍሰሻው ላይ ነው። ውኃ ከሌለና ልብሱ ብቻ ከራሰ ደግሞ ችግሩ የአጨማመቁ ነው። ከዚያ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምራችሁ ወደሚያስወጣው ሂዱ። ባለሙያው የነገሩንን በቅደም ተከተል አቅርበነዋል።

አንደኛ፦ ፕሮግራሙን እዩ። ለሱፍና ለስስ ልብስ የተሠራው ፕሮግራም ልብሱ እንዳይበላሽ ሲል ቀስ ብሎ ነው የሚጨምቀው። አንዳንዱ ማሽን ላይ የመጭመቂያውን ፍጥነት የሚቀንስ ወይም ጭራሽ የሚያጠፋ ለብቻው ቁልፍ አለ። ሕፃን ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ቁልፍ መነካካቱ የታወቀ ነው! የፍጥነቱ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። 5 ኪሎ ደረቅ የጥጥ ልብስ በ1400 ዙር ከተጨመቀ በግምት ሁለት ኪሎ ተኩል ውኃ ይዞ ይወጣል። በ800 ዙር ከሆነ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ጭራሽ ካልተጨመቀ ከራሱ ክብደት በላይ ውኃ ይሸከማል። የሰው ሚዛን ያላችሁ ልብሱን ደረቁንም እርጥቡንም መዝኑት፤ ሚዛን ሰው አይፈራም፣ እውነቱን ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፦ የልብሱን መጠን እዩ። ከበሮው ከተጠቀጠቀ ልብሱ መንቀሳቀሻ ያጣል። አንድ ጋቢ ወይም አንድ ትልቅ ፎጣ ብቻውን ቢገባ ደግሞ ይብሳል። ጋቢ ውኃ ጠጥቶ በአንድ በኩል ይከመርና ከበሮው ሚዛኑን ይስታል። ማሽኑ ልብሱን ለመበተን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይተወዋል። ስለዚህ ጋቢውን ከሌሎች ትንንሽ ልብሶች ጋር ቀላቅሉት። ከላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይቅር።

ሦስተኛ፦ ሳሙናውን ቀንሱ። ለእጅ አጠባ የተሠራ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው። በሳፋ ስናጥብ ደስ ይለናል። ማሽን ውስጥ ግን አረፋ ጠላት ነው፤ ከበሮውን ይይዘዋል፣ ፖምፓዋም አረፋን እንደ ውኃ ልትገፋው አትችልም። ለማሽን ተብሎ የተሠራውን ተጠቀሙ፤ መጠኑም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አይለፍ። «ጨመር ባደርግ ይነጣል» የሚባል ነገር የለም፤ የሚተርፈው አረፋ ነው። መስኮቱ በአረፋ ተሞልቶ ካያችሁ ያለ ሳሙና አንዴ አለቅልቁትና እንደገና ጭመቁ።

አራተኛ፦ የውኃ መውጫውን ቱቦ ተከተሉ። ማሽኑ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ቱቦውን አጥፎት ይሆናል። በኮንዶሚኒየሞቻችን መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የቱቦው ጫፍ የሚቀመጥበት ከፍታ በአብዛኛው ማሽን ላይ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የማሽናችሁ መመሪያ ሌላ ካለ ግን እሱን ስሙ። ጫፉ በጣም ከፍ ካለ ፖምፓዋ ይከብዳታል። ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ ውኃው ተመልሶ ሊሳብ ይችላል።

አምስተኛ፦ ማጣሪያውን አጽዱ። ባለሙያው «ከሁሉ በፊት እጄን የምሰደው እዚህ ነው» ያሉት ይሄን ነው። ከፊት በሚከፈት ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከታች በስተቀኝ በኩል ትንሽ መዝጊያ አለች። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ! ማሽኑ በሙቅ ውኃ ሲያጥብ ከነበረ እስኪበርድ ጠብቁ። ዝርግ ዕቃና አሮጌ ፎጣ ከሥር አስቀምጡ። መዝጊያዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ካለች ክዳኗን ነቅላችሁ ውኃውን በእሷ አፍስሱ። ከዚያ ትልቁን ክዳን ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ ፍቱ። ውኃ ገንፍሎ ከመጣ መልሳችሁ አጥብቁ፤ ዕቃውን ደፍታችሁ ቀጥሉ። ቸኩላችሁ ቤቱን ሐይቅ አታድርጉት! ሲወጣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ፀጉር ታገኛላችሁ። በባትሪ ብርሃን ጉድጓዱ ውስጥ ተመልከቱ፤ ትንሿ የፖምፓ መዘውር ላይ የተጠመጠመ ክር ካለ አውጡት። ክዳኑን በደንብ መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ ልብስ ሳታስገቡ ማፍሰስና መጭመቅ ብቻ የሚለውን ፕሮግራም ሞክሩት።

ስድስተኛ፦ መብራቱን አስቡ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው ይባላል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ግን ኃይሉ እንደሚወርድ አምፖሉ ራሱ ይመሰክራል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ምጣድ ተጥዶ ማሽን ሲነሣ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ መፍጠን ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አትጠቡ። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ አንዳንዱ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ግን ይረሳዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም እንዲሁ ነው፤ ውኃው መሐል ላይ ከሄደ ማሽኑ ማለቅለቁን ሳይጨርስ ይቆማል። መብራቱም ውኃውም ሲመጣ ከማለቅለቂያው አስጀምሩትና ጭመቁ።

ሰባተኛ፦ አቋቋሙን እዩ። ማሽኑ ላይ እጃችሁን ጭናችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ከተንገዳገደ እግሮቹን በውኃ ልክ አስተካክሉ። አዲስ የገዛችሁ ደግሞ ከጀርባው ለጉዞ የታሰሩት ትልልቅ ብሎኖች መውጣታቸውን አረጋግጡ። እነሱ ሳይወጡ ማሽኑን ማስነሣት ቤቱን በዳንስ ማናወጥ ነው!

ከፊት የሚከፈት ሳይሆን ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ያላችሁ ወጣት ወንደላጤዎች (እናንተ ናችሁ የምትበዙት!) ነገራችሁ ትንሽ ይለያል። መጭመቂያው ለብቻው ያለችው ጠባቧ ገንዳ ናት። ልብሱን ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ጠቅጥቁት። ከላይ የምትገባዋን ስስ ክዳን ተጫኑት፤ የውጪውንም ክዳን በደንብ ግጠሙት። ክዳኑ ካልተገጠመ ብዙዎቹ አይነሡም። ገንዳዋ ሳትቆም እጅ መስደድ ግን በፍጹም!

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ ያኔ ጠጋኝ ጥሩ። ምልክቱን ግን ይዛችሁ ንገሩት። ፖምፓዋ እንም እያለች ውኃ ካላስወጣች ወይም ጭራሽ ድምፅ ከሌላት እሷው ራሷ ተበላሽታ ይሆናል። ሞተሩ እየተሰማ ከበሮው ካልዞረ ቺንጊያው ወልቆ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሲሽከረከር እንደ ወፍጮ ካጓራ ኩሽኔታው ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ አትንኩት። ጀርባውን ራሳችሁ አትፍቱ፤ መብራትና ውኃ ባንድ ላይ ቀልድ አያውቁም።

ጠጋኙንም በሦስት ነገር ፈትኑት። ሳይፈታ «ሞተር ነው» ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። ዕቃ ከቀየረ አሮጌውን አሳየኝ በሉት። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ልብስ አስገብታችሁ ሲጨምቅ እዩ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። ደብዳቤዋ ላይ ስልክ ስለነበረ ይሄ ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ደውለን አምስተኛውን እንድትሞክር ነገርናት። እሁድ ዕለት ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት መጀመሪያ ራሷ አጠበችበት። ልብሱ እየተንጠባጠበ ወጣ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ፎጣ አንጥፈው ማጣሪያውን ፈቱት። ሰኞ ስትደውልልን ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ምን ምን ወጣ መሰላችሁ? ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፤ የባለቤቴ የታክሲ መልስ ነው፣ ሱሪው ኪስ ውስጥ አይጠፋም። አንድ የፀጉር መርፌ፤ የእኔ። አንድ እግር ካልሲ፤ የልጄ፣ ጠፋ ብዬ ቤቱን ያተራመስኩበት! ጨምቆ ሲጨርስ ያ የአውሮፕላን ድምፅ ተመለሰ። የልጅቷ የሆነ ነገር ግን… ምንም የለም» አለችን። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። «አሁን እንዴት ብዬ ፊቷን አያለሁ?» ብላ ጠየቀችን።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ይሄኛው ነበር፤ የማሽኑማ ተፈታ።

እህታችን፣ ፊቷን በማየት ነው የሚጀመረው። «ማሽኑ ተሠርቷል» ብለሽ በጎን አትለፊው። የጮህሽው ፊት ለፊት ስለሆነ ይቅርታውም ፊት ለፊት ይሁን። «ደመወዝ ይቆረጣል» ያለው ባለቤትሽ ስለሆነም እሱ ራሱ ባለበት ይነገር። «አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኛ ተሳስተናል» ማለት ምላስን አይሰብርም። ያወጣችሁትንም አሳዩዋት፤ ምናልባት አብራችሁ ትስቁ ይሆናል። ካልሳቀችም መብቷ ነው። በደረቅ ከሰሳችኋት፣ በእርጥቡ ደግሞ ነጻ ወጣች፤ ልቧ እስኪደርቅ ጊዜ ስጧት። ልትሂድ ከቆረጠች ሙሉ ደመወዟንና ጥሩ ቃል ሰጥታችሁ ሸኟት። ከቀረች ደግሞ ከእንግዲህ ስለ ቤቱ ነገር ስትናገር አድምጫት። ማሽኑን በየቀኑ የምታየው እሷ ናት፤ ድምፁ ሲለወጥ ያወቀችው እሷ፣ ውኃ ሲደፋ ያየችው እሷ። የመጣው ጠጋኝ ያላወቀውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራሽ ነበር እኮ!

አንድ ነገር እንጨምር፤ አትቀየሚን። ቤሩት ያለችው እህትሽ የምትሠራው ይሄንኑ ሥራ ነው። እመቤቷ ያላጠፋችውን ጥፋት ብትለጥፍባት፣ ሳትሰማት ከደመወዟ ብትቆርጥባት አንቺ እዚህ ሆነሽ ምን ትዪ ነበር? ማሽኑን የገዛልሽ ያ ደመወዝ ነው።

ለእማማም አንድ ኪሎ በርበሬ ይዘሽ ውረጂ። «ማሽኑ ነው» ብለሽ አታስረጂያቸው፤ ቡና አፍልተው ሲያስቀምጡሽ ራሱ ይነሣል።

ሌሎቻችሁም ከዛሬ ጀምሮ ልብስ ከማስገባታችሁ በፊት ኪስ ፈትሹ፣ የሕፃን ካልሲ በመረብ ከረጢት አስገቡ፣ በወር አንድ ቀን ማጣሪያውን አጽዱ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ደግሞ መጀመሪያ ዕቃውን ፈትሹ፣ ከዚያ ራሳችሁን። ሰውን ለመጨረሻ አቆዩት።

በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!